በከተራ ሌሊት ድንኳንን ስለ ማሞቅ

ጥር 10 ቀን፣ የከተራ ዕለት፣ ታቦታቱ ከየአብያተ ክርስቲያናቱ ወጥተው ወደ ጥምቀተ ባሕር ሲወርዱ፣ ከካህናቱ ጋር አብሮ የሚያድረው ሕዝብ ምን ለብሶና ምን ላይ ተኝቶ እንደሚያድር አስቀድሞ የሚያስብ ቤተ ሰብ ጥቂት ነው። ዝማሬው ይታሰባል፤ የሕፃናቱ አዲስ ልብስ ይታሰባል፤ ጠላውና ድፎ ዳቦውም ከሳምንት በፊት ይታሰባል። ሌሊቱ ግን አይታሰብም። ፀሐይ ጠልቃ ነፋሱ በሜዳው ላይ ማፏጨት ሲጀምር፣ ያን ጊዜ «አንድ ማንደጃ ከሰል ይምጣ» ይባላል። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ይህች ቃል ናት።

ደነባ ከደብረ ብርሃን በስተ ምዕራብ፣ በሲያደብርና ዋዩ ወረዳ የምትገኝ የደጋ ከተማ ናት። ዙሪያዋን የከበበው ዋልካ አፈር ያለበት ሰፊ ሜዳ ሲሆን፣ ከጥቂት ባሕር ዛፍ በቀር ነፋስን የሚመክት ነገር እምብዛም የለበትም። ጎረቤቷ ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች መሆኗን ያወቀ ሰው፣ የአካባቢውን አየር ከዚሁ ሊገምት ይችላል። ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት ሰማዩ ጥርት ስለሚል፣ ምድር በቀን የተቀበለችውን ሙቀት ሌሊቱን ሁሉ ወደ ላይ ትለቀዋለች። ደመና ቢኖር እንደ ጋቢ ሆኖ ሙቀቱን በመለሰው ነበር። ደመናው ከሌለ ግን ውርጩ ይወርዳል፤ ሲነጋም ሣሩ አመዳይ ለብሶ ነጭ ሆኖ ይታያል። ብርዱም የሚበረታው ብዙዎች እንደሚያስቡት በእኩለ ሌሊት ሳይሆን ጎሕ ሲቀድና ፀሐይ ልትወጣ ስትል ነው። ይኸውም ሕዝቡ ደክሞትና እንቅልፍ ተጭኖት ከውኃው ዳር የሚቆምበት ሰዓት ነው።

ይህ ብርድ የዛሬ አይደለም። በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን ወደ አገራችን የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1521 ዓ.ም. የጥምቀትን በዓል በንጉሡ ሰፈር ተገኝቶ ተመልክቷል። ሌሊቱ ብርቱ ውርጭ እንደ ነበረና፣ ከውኃው ውስጥ ቆመው ሕዝቡን ያጠምቁ የነበሩት ሽማግሌ ቄስ በብርድ ለመሞት ምንም ያህል እንዳልቀራቸው ጽፏል። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ አምስት መቶ ዓመት አልፏል፤ የጥር ሌሊት ግን ያው የጥር ሌሊት ነው።

አሁን በራሴ ላይ የደረሰውን ልናገር። የዛሬ ሠላሳ ዓመት ገደማ፣ ገና ድቁና የተቀበልሁ ልጅ ሳለሁ፣ ስድስት ሆነን ከታቦቱ ድንኳን አጠገብ በተተከለች ትንሽ ድንኳን ውስጥ እንድናድር ተደረገ። ድንኳኗ አሮጌ ሸራ ስለ ነበረች ነፋስ እንዳይገባብን በላይዋ ላስቲክ አለበስናት፤ ግርጌዋንም ዙሪያውን አፈር መለስንበት። በሥራችን እጅግ ተደሰትን። ከዚያም አንዲት ደግ እናት ከበዓሉ ወጥ የተረፈ ፍም በማንደጃ አድርገው ሰጡን። ፍሙ የቀላ እንጂ ጢስ የሌለበት ስለ ነበረ ምንም አልተጠራጠርንም፤ ደጃፉን በቁልፍ እንደ መዝጋት ያህል በገመድ አጥብቀን አስረን ተኛን።

እኔ መጀመሪያ የተሰማኝ ራስ ምታት ነበር። ጾሙ ነው ብዬ ዝም አልሁ፤ ዕለቱ ገሃድ በመሆኑ እስከ ማታ ድረስ እህል አልቀመስንምና። ከዚያ ልቤን አጥወለወለኝ፤ ልነሣ ብሞክር ጉልበቴ አልታዘዝ አለኝ። ከዚህ በኋላ የማስታውሰው የለም። ለማኅሌት ሊቀሰቅሱን የመጡት የኔታ ደጋግመው ቢጣሩ መልስ ስላጡ፣ ገመዱን ለመፍታት ጊዜ ሳያባክኑ ካስማውን በእግራቸው መትተው ነቅለው ድንኳኑን ከላያችን ገፈፉት። ይህ የእርሳቸው ጥበብ ነፍሳችንን አተረፈ። አምስታችን በማግሥቱ ዳንን። ስድስተኛው ጓደኛችን ግን ውዳሴ ማርያምን ከሁላችን ቀድሞ በቃሉ ያጠና ልጅ ነበር፤ ከዚያች ሌሊት በኋላ ቃሉ ጠፋበት። የትላንቱን ትምህርት ዛሬ አያገኘውም፤ በንባቡ መካከልም ዝም ብሎ ይቆማል። ሁለት ዓመት ታግሎ ትምህርቱን ተወ። ዛሬ እርሻ ያርሳል፤ ልጆችም ወልዷል። ባየኝ ቍጥር «ከሰሏን ባናስገባት ኖሮ» ይለኛል፤ እኔም የምመልስለት ቃል የለኝም።

ነገሩ ምንድር ነው? ይህን የተረዳሁት በኋላ በዘመናዊው ትምህርት ቤት ነው። ከሰል በቂ አየር አግኝቶ ሲነድ ሌላ፣ አየር አጥሮት ሲነድ ሌላ ነገር ያወጣል። አየር ሲያጥረው የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዘኛ አየር ነው፤ መልክ የለውም፣ ሽታ የለውም፣ ዐይንን አያቃጥልም። በደማችን ውስጥ ኦክሲጅንን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ደግሞ፣ ኦክሲጅንን ከሚይዝበት ኀይል ይልቅ ይህን መርዝ ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። ስለዚህ ሰውየው እየተነፈሰ ሳለ አካሉ አየር ያጣል። የተኛ ሰውም ስለማይነቃ ራሱን ለማዳን አይችልም። በእኛ ደጋ ነገሩ የባሰ ነው፤ ከ2,800 ሜትር ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ከአንድ አራተኛ በላይ ያንሳልና፣ ከመጀመሪያውም በምንተነፍሰው አየር የምናገኘው ኦክሲጅን ጥቂት ነው። ነፍሰ ጡር ሴቶች፣ ሕፃናት፣ ሽማግሎችና ልብ የሚያማቸው ሰዎች ከሁሉ ይልቅ ፈጥነው ይጎዳሉ።

ስለ ከሰል በየቤቱ የሚነገረው ምክር ብዙ ነው፤ አብዛኛው ግን ሰውን የሚያዘናጋ ነው። ፍሙ በደንብ ከቀላ አይመታም ይባላል። ከሰል ገና ሲያያዝ ጢሱ የሚያስቸግር መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን የቀላው ፍምም መርዙን ያወጣል፤ እኛን የመታን የቀላው ፍም ነበር። ጨው ጣል ቢደረግበት፣ ውኃ የሞላ ዕቃ ከጎኑ ቢቀመጥ ይባላል። ጨው ምንም አያደርገውም፤ ውኃውም ይህን አየር ለመምጠጥ የማይችል ነው። መርዙ ወደ ታች ስለሚወርድ ከፍ ባለ አልጋ የተኛ አይነካም የሚሉም አሉ፤ ክብደቱ ግን ከምንተነፍሰው አየር ጋር ሊተካከል ምንም ያህል ስለማይቀረው በቤቱ ሁሉ ይዳረሳል። የተመታ ሰው ወተት ይጠጣ የሚለውም ምክር መርዙን ከደም አያወጣም፤ ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ወተት ማንቆርቆር ደግሞ ሊያንቀው ይችላል።

«አባቶቻችን እሳት ዳር ተኝተው አልኖሩምን?» ብሎ የሚጠይቅ አለ። ጥያቄው ተገቢ ነው። አባቶቻችን የተኙበት ቤት ግን ሣር ክዳን ነበር፤ ጢሱ በክዳኑ ውስጥ አልፎ ይወጣ እንደ ነበር ማለዳ ከሩቅ ያየ ሰው ሁሉ ያውቃል። ግድግዳው ቀዳዳ ነበረው፤ በሩም ከመቃኑ ጋር አልተገናኘም። በድንኳንም ቢሆን የጥንቱ የጥጥ ሸራ ያስተነፍስ ነበር። ዛሬ ቤቱ ቆርቆሮና ሲሚንቶ ሆኗል፤ ኮርኒስ ተመቶበታል፤ የእድሩም ድንኳን ላስቲክ የተቀባ ሆኗል። ቤቱ ተለወጠ፤ ማንደጃው ግን አልተለወጠም። ጉዳቱ የመጣው ከሁለቱ አለመስማማት ነው።

ደግሞም አባቶቻችን ሙቀትን ከእሳት ብቻ አልፈለጉም። በሸዋ ደጋ ገበሬው ጥጃውንና በጎቹን ከቤቱ ውስጥ በጋጣ አስሮ፣ እርሱ ከቆጡ ላይ ይተኛ ነበር፤ የከብቱ ትንፋሽና ገላ ቤቱን ያሞቀው ነበር። የመንዝ ሰው ከበጉ ጠጕር ባናና ዝተት ሠርቶ ብርዱን ተከላክሏል። ብርዱ ከበረታበት ስፍራ መነሣትንም እንደ ነውር አልቈጠሩትም፤ የዐፄ ምኒልክ ከተማ ከእንጦጦ ተራራ ወደ ፍል ውኃው ወርዶ በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ስትመሠረት፣ የእንጦጦ ብርድና የማገዶው እጥረት ከምክንያቶቹ መካከል ነበሩ።

ከሌላው ዓለምም የሚጠቅመንን እንይ። በሰሜን አሜሪካ በበልግና በክረምት መግቢያ አጋዘን ለማደን የሚወጡ ሰዎች፣ በመኪና የሚጎተት ተሳቢ እንደ ትንሽ ቤት አሰናድተው በበረዶ መካከል ያድሩበታል። በአገራችንም ደጋ አጋዘንን በፈቃድ ለማደን ወደ ባሌና ወደ አርሲ ተራሮች የወጡ ሰዎች ከእኛ ብርድ በማያንስ ብርድ ሰፍረዋል። ስለ አደኑ የምለው የለኝም፤ ስለ ተሳቢው ግን የምለው አለኝ። አስተዋዮቹ አዳኞች በመጀመሪያ ወለሉንና ግድግዳውን ሙቀት በማያሳልፍ ነገር ይለብጡታል። ምድጃ ቢያገቡም የጭስ ማውጫ ቧንቧ ያለው ነው። ከሁሉ የሚሻለው ደግሞ የሚነድበትን አየር በአንድ ቧንቧ ከውጭ ስቦ፣ ጢሱን በሌላ ቧንቧ ወደ ውጭ የሚመልስ የናፍጣ ማሞቂያ ነው፤ እሳቱ የሚተነፍሰውና ሰው የሚተነፍሰው አየር ከቶ አይገናኙም። ይህም ሁሉ ተደርጎ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሲበዛ የሚጮኽ ትንሽ መሣሪያ ከግድግዳው ይሰቅላሉ። ያን ያህል ሀብትና ብልሃት ያለው ሰው ይህን ያህል ከፈራ፣ እኛ በላስቲክ ድንኳን ውስጥ በማንደጃ የምንደፍረው ከምን የተነሣ ነው?

በከባድ መኪናና በተሳቢ እህል ለመጫን ወደ ደነባ የሚመጡ ሾፌሮችና ረዳቶችም ይህን ልብ ይበሉ። ሞተሩን አስነሥተው ጋቢናውን ዘግተው የሚተኙ አሉ፤ ከሞተሩ የሚወጣው ጢስም መርዝ አለበት፤ በተበሳ ጢስ ማውጫ በኩል ወደ ውስጥ ሊገባ ይችላል።

እንግዲህ ድንኳኑ እንዴት ይሰናዳ? በመጀመሪያ ስፍራው ይታይ። ቀዝቃዛ አየር ከሞቃት አየር ስለሚከብድ ሌሊት እንደ ውኃ ወደ ረባዳው ይፈስሳል። የታቦታቱ ማደሪያ ሥርዓቱ በፈቀደው ከጥምቀተ ባሕሩ ዳር ይሆናል፤ የምእመናኑ ድንኳን ግን ከውኃው ጥቂት ሽቅብ ብሎ ቢተከል፣ ሃያና ሠላሳ እርምጃ እንኳ ልዩነት አለው። ደጃፉ ነፋሱ ከሚመጣበት ወገን ተቃራኒ ይሁን።

ቀጥሎ ወለሉ ነው፤ ሰው ከሁሉ የሚዘነጋውም ይህን ነው። ብርድ ከላይ የሚመጣ ይመስለናል እንጂ የተኛውን ሰው ሙቀት አብዝታ የምትስበው መሬት ናት። ስለዚህ አንድ ብርድ ልብስ ብቻ ያለው ሰው፣ ከላይ ከሚደርበው ይልቅ ከሥሩ የሚያነጥፈውን ያስቀድም። በእኛ አገር ደግሞ ለዚህ የሚሆን ነገር ሞልቷል፤ ጥር የውቂያ ወር ነውና ጭድ አይታጣም። ደረቅ ጭድ ሲረገጥ አንድ ስንዝር እስኪሆን ይጎዝጎዝ፤ በላዩ ሰሌን ወይም ጅንዲ፣ ከዚያም በላይ አጎዛ ይነጠፍ። ጭዱ ደረቅ መሆኑ ይታይ፤ የረጠበ ጭድ ከባዶ መሬት አይሻልም። ጭድ በተጎዘጎዘበት ድንኳን ውስጥ ጧፍም ሆነ ኩራዝ እንዳይበራ፣ የእጅ ባትሪ ብቻ እንዲሆን ማዘዝ የአባወራው ፈንታ ነው።

ልብስን በተመለከተ፣ የበግ ጠጕር ከጥጥ ይልቅ ይመረጣል፤ ረጥቦ እንኳ ሙቀትን ፈጽሞ አይለቅምና። ባናና በርኖስ ያላችሁ ከሣጥን አውጧቸው፤ አያቶቻችን ለጌጥ አልሠሯቸውም። አንድ ወፍራም ልብስ ከመልበስም ሁለትና ሦስት ስስ ልብስ መደረብ ይሻላል፤ በመካከላቸው የሚያዘው አየር ነው የሚያሞቀው። ሲመሽ ደግሞ በሽብሸባና በእልልታ ያላበው ሰው ከመተኛቱ በፊት የውስጥ ልብሱን ይለውጥ። ራስንና እግርን መሸፈን ለቆፈን ዋና መድኃኒት ነው።

ሰው ራሱ ምድጃ መሆኑንም አንርሳ። ተኝቶ ያለ አንድ ሰው ከ70 እስከ 80 ዋት የሚደርስ ሙቀት ከሰውነቱ ይሰጣል፤ አሥር ሰው በአንድ ድንኳን ቢያድር የአንድ ትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃ ያህል ሙቀት አለ ማለት ነው። ስለዚህ ትንሽ ድንኳን ከትልቅ ይሻላል፤ ሕፃናትም ከመካከል ይተኙ። ትንፋሽ ግን እርጥበትም አለው፤ አየር መውጫ ከሌለ እርጥበቱ በሸራው ላይ ጤዛ ሆኖ ተመልሶ በልብስ ላይ ይንጠባጠባል። ስለዚህ ከሰል ባይገባም እንኳ ከላይ አንድ፣ ከታች አንድ ስንዝር የሚያህል ቀዳዳ ይተው። «ብርድ ይገባል» የሚል አይጠፋም፤ ይግባ፤ ደረቅ ብርድ ከእርጥብ ሙቀት ይሻላል።

እሳቱ ከውጭ ይንደድ። በደነባ ዙሪያ እንጨት ውድ ስለሆነ ኩበት ይበቃል፤ ቀስ ብሎ ስለሚነድ ሌሊቱን ያዘልቃል። ከነፋሱ አንጻር ከድንኳኑ ራቅ ብሎ ይሁን፤ ተረኛ ጠባቂም ይኑረው። ወደ ድንኳኑ የሚገባው እሳቱ ሳይሆን ሙቀቱ ይሁን። ጡጫ የሚያህል ደረቅ ድንጋይ ከረመጡ ዳር አሙቆ፣ በጨርቅ ደጋግሞ ጠቅልሎ ከእግር ሥር ማኖር ለሰዓታት ያሞቃል። ድንጋዩ ግን ከወንዝ የተለቀመ አይሁን፤ ውኃ የጠጣ ድንጋይ በእሳት ሲግል ይፈነዳል። ሙቅ ውኃ በብረት ኮዳ ሞልቶ፣ አፉን በሚገባ ዘግቶ በጨርቅ መጠቅለልም እንዲሁ ነው። አንዳንድ ሰዎች ከበርሜል ቆርቆሮ የተሠራ፣ ቧንቧው በድንኳኑ ጣሪያ የሚወጣ ምድጃ በብየዳ ቤት አሠርተው አይቻለሁ። ለቤት ቢሆን መልካም ነው፤ ጭድ በተነጠፈበትና ሕፃናት በሚጋፉበት የከተራ ድንኳን ግን አልመክረውም።

ስለ ምግብም ጥቂት። ሆዱ ባዶ የሆነ ሰው ፈጥኖ ይበርደዋል። ለቅዱስ ቍርባን የሚዘጋጁት በሥርዓታቸው ይጸናሉ፤ እነርሱን በልብስና በአጎዛ ማስቀደም ይገባል። ሌላው ግን ማታ ከጾሙ መፈሰክ በኋላ ትኩስ ሽሮ ወይም የገብስ ሾርባ ይቅመስ፤ በሶም ከስንቁ አይጥፋ። አረቄ ብርድን ያባርራል የሚለው ወግ ግን የተሳሳተ ነው፤ አረቄ የቆዳን የደም ሥር ስለሚከፍት ለጊዜው ሙቀት ቢያሰማም የውስጡን ሙቀት ወደ ውጭ ያስወጣል። ጠጥቶ በሜዳ የተኛ ሰው ውርጩን አይሰማውም፤ ውርጩ ግን አይተወውም።

ይህ ሁሉ ተነግሮ ከሰል ያስገባ ቢገኝና ሰው ቢመታ፣ የሚደረገው ይህ ነው። ወደ ውስጥ ገብቶ ከመንበርከክ በፊት ድንኳኑ ይገፈፍ፣ ወይም በርና መስኮት ይበርገድ። የተመታው ወደ ንጹሕ አየር ወጥቶ፣ አንገቱና ወገቡ ተፈትቶለት፣ ብርድ እንዳይመታው ይሸፈን። መተንፈስ ካቆመ የሚያውቅ ሰው በአፉ ይተንፍስለት። ሳይዘገዩም ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ማድረስ ነው፤ ዋናው መድኃኒቱ ኦክሲጅን ነውና። በተራ አየር መርዙ በደም ውስጥ በግማሽ እስኪቀንስ ከአራት እስከ አምስት ሰዓት ሲፈጅ፣ በንጹሕ ኦክሲጅን ግን ወደ አንድ ሰዓት ገደማ ይወርዳል። «ነቅቷል፣ ተሽሎታል» ተብሎ አይተው፤ የማስታወስ ጕድለት ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ ሊከሠት ይችላል። ከአንድ ድንኳን አንዱ ከተመታ የቀሩትም ሁሉ ይታዩ፤ በዚያች ሌሊት ራሱን ብቻ ያመመው ልጅ ደኅና ነው ተብሎ ያለ ምርመራ ወደ ቤቱ ተልኮ ነበር፤ በማግሥቱ ግን ከበዓሉ ሜዳ ላይ ወደቀ።

ጥር 11 ቀን ታቦታቱ ሲመለሱ፣ የቅዱስ ሚካኤልም ታቦት በማግሥቱ ሲገባ፣ ድንኳኑ ከነጤዛው ተጠቅልሎ ወደ እድሩ ግምጃ ቤት እንዳይወረወር። ፀሐይ እስኪበረታ ድረስ ገልብጦ ማስጣት፣ ገመዱንና ካስማውን መቍጠር፣ የተቀደደውንም ያን ጊዜውኑ መጥቀም ያስፈልጋል። ጭዱም ለከብት ይሆናል፤ የቤት ልጆች በጆንያ ሰብስበው ይሸከሙት።